ስምንተኛን ሦስት ጊዜ የተማረችው ፕሮፌሰር

ሰፈር ሐኪም ሊያጣ ይችላል፤ ቧንቧ ሠሪም ሊያጣ ይችላል። የትምህርት አዋቂ አጥቶ የሚያውቅ ሰፈር ግን የለም። የእኛዋ ከግድግዳዬ ማዶ ትኖራለች፤ «ፕሮፌሰር» እንላታለን። ማዕረጉን የሰጣት ሰፈሩ ነው፤ እሷም ሳታንገራግር ተቀብላለች።

ምን ተምራ እንዳትሉኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምራዋለች። «አንዴ ገብቶ አንዴ ያለፈ ሰው ክፍሉን መቼ አየውና?» ትላለች። እኔ እስከ አራተኛ አንድም ሳልደግም ነው የሄድኩት፤ ስለዚህ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።

እሷን የማይጠይቃት የለም። እታች ያለው መምህር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው፣ የገዛ ልጁን የት እንደሚያስገባ ያማከረው እሷን ነው። መልሷ አጭር ነው፤ «ትምህርት ቤት በሽንት ቤቱ ይታወቃል።» ተማሪ ሲመጣላት ደብተር አትገልጥም፤ እርሳሱን ተቀብላ ጫፉን ታያለች። «ያልተቀረጠፈ እርሳስ፣ ያላሰበ ልጅ።» የልጅ ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ እርሳሷን እንደ ሸንኮራ እየጋጠች ለፕሮፌሰር ታሳያለች። ለእኔ አሳይታኝ አታውቅም። የምቀርጽላት ግን እኔ ነኝ።

ቅናቱ ያኔ ጀመረኝ ብል ውሸት ነው፤ ከዚያ በፊትም ነበረብኝ። የባሰብኝ ልጄ ልጅቷን ከቅርቡ ትምህርት ቤት አውጥታ ሩቅ ወዳለው ትልቁ ልትወስዳት ያሰበች ጊዜ ነው። ወደዚያኛው ጠዋት ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስዳታል። ወደ ቅርቡ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ እኔ ቦርሳዋን ይዤ፣ እሷ ያየችውን ድመት ሁሉ እያወራችልኝ። ከዚያች መንገድ ሌላ በቀኑ ውስጥ የእኔ የምለው ነገር የለኝም። ይህን ለልጄ ልነግራት ልብስ ሳጣጥፍ እለማመዳለሁ፤ ስትመጣ «ልብስሽ ታጥፏል» እላታለሁ።

ልጄም ማንን ትጠይቅ? ፕሮፌሰርን ጠራች። ክብርትነታቸው ገብተው የእኔ ወንበር ላይ ተሰየሙ። እኔ ጥግ ይዤ የልጅቷን ቦርሳ ማንገቻ እሰፋለሁ።

«እትዬ፣ ያ ትልቁ ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» አለች ልጄ።

ፕሮፌሰር እጄን አየት አደረገች። «ሽንት ቤቱን አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው።»

እኔ ማንገቻው ላይ አቀረቀርኩ።

«ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው» ብላ ቀጠለች። «እንደዚያ የሚያብረቀርቀው ልጆቹን ስለማያስገቡበት ነው። ባለችበት ትቆይ።»

«እሺ እትዬ» አለች ልጄ። እኔን እንዲህ ቶሎ «እሺ» ብላኝ አታውቅም።

ፕሮፌሰርን በሩ ድረስ ሸኘኋት። «ለመሆኑ መቼ ሄደሽ ነው ያየሽው?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ማን ሄደ?» አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ማንገቻው ተሰፍቶ ካለቀ ቆየ እኮ። መርፌሽ ላይ ክር እንኳ የለም። አፍ የለሽም?»

«እግዜር የሰፈሩን አፍ በሙሉ ላንቺ ሰጥቶ ለእኔ ከየት ይትረፈኝ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» ብላ ሄደች።

አሁንም እቀናባታለሁ። ስንት ቀን አምጬ ያልወለድኩትን እሷ በተቀመጠችበት ገላገለችኝ፤ ይህ አያስቀናም? በማግስቱ ግን ልጅቷን ይዤ ስወጣ በአቋራጩ አልሄድኩም። በፕሮፌሰር ደጅ ዞርኩ፤ በመስኮቷ እንድታየን፣ ቀስ ብዬ።