ለአባቶች የወጣው አዲስ ካርድ

ትናንት እንቅልፍ ሲወስደኝ በሕልሜ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር። ጸጉር አስተካካይ ነኝ፣ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ቁምጣ ዩኒፎርም ለብሼ ቦርሳ አንግቼ የልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፌያለሁ። ልጄ ማራማዊት አራተኛ ክፍል ናት። እናቷ ለሥራ ጅቡቲ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ቤታችን ውስጥ እኔና ማራ ብቻ ነን።

ከፊቴም ከኋላዬም ወላጅ ነው። በሩ ላይ ባርኔጣ ያደረገች አህያ ቆማ ጥፍር ትፈትሻለች። አለንጋም ይዛለች።

«ይሄ ምንድነው?» አለችኝ ጣቴን ቸብ አድርጋ።

«ጸጉር ነው እትዬ፤ የደንበኛ ጸጉር።»

«ሰበብ አልጠየቅኩህም» ብላ አሳለፈችኝ። ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ ግን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። «እናትዎን ይዘው ይምጡ!» ብላ መለሰቻቸው። አንጀቴን በሉት፤ እናታቸውን አሁን ከየት ያምጡ?

ሜዳው ላይ ርዕሰ መምህሩ ወጣ። የፊት ጥርሶቹ የወለቁ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ከረባቱ ጉልበቱ ጋ ይደርሳል። ማይኩ አልደርስ ስላለው አንዲት ወላጅ አዝላው ነው የተናገረው።

«ውድ ወላጆች፣ የጠራናችሁ አዲሱን ካርድ ለማስተዋወቅ ነው። ከእንግዲህ ካርድ የሚቀበለው ወላጅ ነው። የሚሞላው ልጅ ነው። ልጁ ያልፈረመለት ወላጅ ይደግማል፤ ልጁ ግን ወደ ሌላ ወላጅ ይዛወራል። ደረጃም ቀርቷል።»

«ደረጃ ቀርቷል?!» ሜዳው በአንድ እግሩ ቆመ። ልጅ መዛወሩን የሰማ ያለ አይመስልም። አንዲት እናት «ደረጃ ከሌለ ማን ማንን እንደበለጠ በምን ልናውቅ ነው?» ብላ እሪ አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አብሬ ጮህኩ። ማራ ካርድ ባመጣች ቁጥር የምጠይቃት «ስንተኛ ወጣሽ?» ብዬ ብቻ ነው። እሷ «አስራ አንደኛ» ትላለች፣ እኔ «በርቺ» እላለሁ፣ በቃ፣ ወደ መቀሴ እመለሳለሁ።

ስም ጥሪ ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠራው ከኔ ጸጉር ቤት ፊት ለፊት ሌላ ጸጉር ቤት ያለው ግርማቸው ነበር። ካርዱ ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ተረት ሲያወራልን እንድናርመው ብሎ አውቆ ይሳሳታል። አልፏል!» ዙሪያውን የቆሙት ልጆች ሜዳውን በጭብጨባ አናጉት። ቅናት አንገበገበኝ።

«በመቀስ እኮ አይደርስብኝም!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በል!» አለች አህያዋ፤ ስሜንም ረባሾች ከተጻፉበት ሰሌዳ ላይ ጻፈችው።

የኔ ካርድ ባዶ ነበር። ከታች በኩል ብቻ በቀይ እስክሪብቶ «ልጅ ይዘህ ና» ይላል።

«ደወል ሳይደወል ካላመጣሃት ትዛወራለች» አለኝ ርዕሰ መምህሩ ከሴትዮዋ ጀርባ ላይ ሆኖ። «ግርማቸው ቤት ቦታ አለ።»

ሮጥኩ። ስሮጥ ሜዳው የኔ ጸጉር ቤት ሆነ። ደንበኞቼ አንገታቸው ላይ ነጩን ጨርቅ እንዳሰሩ ተሰብስበው መስታወቱን ጢም ይላጩታል።

«ማራን አያችኋት?» አልኳቸው።

«ተራህን ጠብቅ፤ ከፊትህ አሥራ ሰባት ሰው አለ!»

ይሄማ እሷ ደብተሯን ይዛ በመጣች ቁጥር እኔው የምላት ነገር ነው።

በጓሮ በር ስወጣ ክፍል ውስጥ ገባሁ። ስልሳ ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። እፎይ አልኩ። እኔ የሰፈሩን ሰው ከፊቱ ይልቅ በማጅራቱ ነው የማውቀው። አንድ በአንድ አየኋቸው። ያ የሥጋ ቤቱ ልጅ ነው፣ ይሄኛው የወይዘሮ አልጋነሽ የመጨረሻ ልጅ ነው። የራሴን ልጅ ግን መለየት አቃተኝ። ጸጉሯን የምትሠራት ጎረቤታችን ናት፤ ምን ዓይነት ሹሩባ እንደተሠራች አላውቅም።

«ማራ!» ብዬ ተጣራሁ።

«አቤት!» አሉ ስልሳውም፣ ሳይዞሩ።

እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አፍሬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ከልጆቹ አንዷ ተነሥታ መጣችና በሹራቧ እጅጌ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ፈርሚልኝ የኔ እናት። ሌላ ሰው ቤት እንዳትሄጂብኝ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጎበዝ አባት ነው በያ!»

«እሱማ ለሁሉም ይጻፋል» አለች። እስክሪብቶውን ነክሳ አሰበች። ቆይታ አሰበች። አሁንም አሰበች። በመጨረሻ ፊቷ ፈካ፤ ስለኔ የሆነ ነገር ትዝ ብሏታል! ልትጽፍ ጎንበስ ስትል ደወሉ ጮኸ።

ነቃሁ። እሑድ ጠዋት ነው። ማራ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ብድግ ብዬ አቀፍኳት።

«ማራዬ፣ ዛሬ ነው አይደል ስለ አዲሱ ካርድ የወላጆች ስብሰባ? ጸጉር ቤቱን ዘግቼ እመጣለሁ!»

«ትናንት ነበር እኮ፣ አባዬ።»

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ እኔ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም።

«ታዲያ በኔ ቦታ ማን ተቀመጠ?»

«እኔ። ቲቸር ‘በደንብ ሰምተሽ ለአባትሽ አስረጂው’ አሉኝ።»

ካርዱን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እዚህ ጋ ቲቸር ይጽፋሉ፣ እዚህ ጋ ወላጅ ስለ ልጁ የሚያውቀውን ይጽፋል፣ ከዚያ ይፈርማል፣ ሰኞ ይመለሳል። የወላጅ የሚለው ቦታ ግን ተጽፎበታል።

«እንዳትቸገር ብዬ በእርሳስ ጽፌልሃለሁ» አለችኝ። «አንተ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ድገምበት።»

ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙሬ አነበብኩት።

«ልጄ ከኋላ ሆና ሰሌዳው አይታያትም። እስካሁን ያልነገረችኝ ደንበኛ ስለሚበዛብኝ ነው።»