የአክሲዮን ገበያ ጤና ጠያቂው

በየከተማው ከቴሌቪዥን ጋር የሚጣላ አንድ ሰው አይጠፋም። ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ እሱ ይመልሳል፤ መሀል ላይ የተቀመጠ ምስኪን ቡናውን በሰላም አይጠጣም።

ለእኛ በአሜሪካ ለኦሃዮዎቹ የደረሰን ክቡር አቶ ቨርን ኮስተልኒክ ነው። ክቡርነቱን የሰጠነው እኛ ነን፣ ምናልባት ዝም ይል እንደሆነ ብለን። ከብረት ፋብሪካው በጡረታ ተገለለ፤ ከቁርስ ቤቱ ግን ማንም ሊያገልለው አልቻለም። ገና ከመግባቱ፣ "አክሲዮን ገበያው እንዴት አደረ? ትኩሳቱ ወረደለት?" ይላል። ጨምሯል ካሉት ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ተመስገን፣ እሱ ደህና ይሁን እንጂ እኛማ ምን እንሆናለን!" አስተናጋጇ፣ "ቨርን፣ እንቁላልህ ቀዘቀዘ" ስትለው፣ "ይቆይ፣ በሽተኛ ይዘናል።"

ሰውየው ያናድዳል። የበለጠ የሚያናድደው ግን እውነቱን መሆኑ ነው። ባንኮቹ በራሳቸው ቁማር ሲወድቁ ዋሽንግተን ደጋግፎ አነሳቸው። የእኛን ፋብሪካ ብረት ነክቶ የማያውቅ የኒውዮርክ ባለሀብት ገዛው፤ መንግሥት ግብር ማረለት፤ እሱም ማሽኖቹን እየነቀለ ሸጠ። አሁን ሊዘጋው ነው። ይሄ ኢንቨስትመንት ይባላል። እኔ በፋብሪካው ከምሠራበት ክፍል አንድ መስኮት ነቅዬ ብሸጥ ስሙ ሌላ ነበር።

በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ ሥጋ ስለማንበላ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ዓሣ ይጠበሳል፤ ጠባሹ ቨርን ነው። ምርጫ ሲቀርብ የምክር ቤት ተወካያችን ሽርጥ ታጥቆ ይመጣና ዓሣ ሲያድል ፎቶ ይነሳል። ዘንድሮም መጣ። ያንን የግብር ምሕረት ድምፁን ሰጥቶ ያሳለፈው እሱ ነው። ትሪውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

ቨርን ምድጃውን አጠፋ።

"ክቡርነትዎ፣ ፋብሪካው ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?"

"ኢኮኖሚያችን በጣም ጠንካራ ነው፣ ጌታዬ፤ ገበያው…"

"የገበያውን ጤንነት ጠዋት ጠይቄያለሁ፣ ደህና ነው። እኔ የምጠይቅዎት ስለነዚህ ነው።" በመቆንጠጫው ዓሣ ለመቀበል የተሰለፍነውን የፋብሪካ ሠራተኞች አሳየው።

የራበው ሰልፍ ያጉረመርማል ብዬ ነበር። ሁሉም ባዶ ሳህኑን እንደያዘ ተወካዩን ያያል። ተወካዩ ሽርጡን ፈትቶ ሄደ፤ ፎቶውም ቀረ።

ቨርን ምድጃውን መልሶ ለኮሰ። ተራዬ ደረሰ።

"ጋሽ ቨርን፣ ያንተን ጡረታ እኮ ማንም አይነካብህም" አልኩት። "ምን አስጮኸህ?"

"እናንተ ብትጮኹ ነገ ያባርሯችኋል። እኔን ከየት ያባርሩኛል?" አለና ሳህኔን ሞላው። "አንተ የምታሳድጋቸው ልጆች አሉህ። ዝም ብለህ ብላ።"

ዓሣው በደንብ አልበሰለም ነበር። ፍርፋሪ አላስተረፍኩም።