ሦስት አስታራቂ ለአንድ ሳውንድ ካርድ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ጭውውት ውስጥ «የድምፅ ባለሙያ» ማለት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆነ፣ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር በመሸጥ የሚተዳደር፣ ድምፅ ማጉያ በተተከለበት ሥፍራ ሁሉ ሳይጠራ የሚገኝ፣ በዕድሜው «አላውቅም» የሚል ቃል ከአንደበቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሲሆን፣ ጀይሉን ይጨምራል። «ጎረቤት» ማለት የዚህኑ ባለሙያ እርዳታ በትዕግሥት የሚቀበል ማንኛውም ሰው ሲሆን፣ ጋሽ ወዬሳን ይጨምራል።

[ቀራንዮ፣ የጋሽ ወዬሳ ሳሎን። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ስለታመሙ፣ ዛሬ ወሊሶ ላይ ወደምትዳረው የልጅ ልጃቸው ወደ ኤልዳና መሄድ አልቻሉም። ምርቃታቸው እዚህ ተቀድቶ ይላካል፤ ሙሽራዋ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት ስትወጣ በትልቅ ስፒከር ይለቀቃል። አሁን ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ጋሽ ወዬሳ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ጀይሉ ጠረጴዛው ሥር ስለገባ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።]

ጋሽ ወዬሳ፦ እኔ የምልህ፣ ዝም ብዬ ስልክ ደውዬ ብመርቃትስ?

ጀይሉ፦ በስልክ! ይሄንን ነገር ሰው ፊት እንዳይደግሙት። የስልክ ድምፅ በትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ?

ጋሽ ወዬሳ፦ እኔን አይመስልም?

ጀይሉ፦ ቆርቆሮ ውስጥ የታሰረ ሰው ነው የሚመስለው! ይልቅ ይቺን የኬብል ጫፍ አንድ ደቂቃ ይያዙልኝ። እንዳይለቋት!

ጋሽ ወዬሳ፦ [ተቀብለው] ብርድ ልብሱስ ይነሳልኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ጀይሉ፦ [አቧራውን እያራገፈ ይወጣል] ብርድ ልብሱ ከተነሳ ውጭ የሚጮኸው የታክሲ ረዳትም አብሮ ሊመርቅ ነው። አሁን ያዳምጡኝ። ላፕቶፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የራሱ ሳውንድ ካርድ አለው። እሱ ግን ለፊልም ማያ ነው። ለቀረጻ የሚሆነው ይሄ በውጭ የተቀመጠው ሣጥን ነው። ማይኩ እሱ ላይ ይሰካል፤ እሱ ደግሞ ድምፁን አጣርቶ ለላፕቶፑ ያቀብላል።

ጋሽ ወዬሳ፦ ሆዱ ውስጥ ያለው ምን አጥፍቶ ነው የሚገፋው?

ጀይሉ፦ ምንም አላጠፋም፤ ጆሮው ወፍራም ነው።

ጋሽ ወዬሳ፦ ይሄኛውም የተኛ ይመስላል። መብራት እንኳ የለውም።

ጀይሉ፦ መብራት የሚያበራው የድሮው ነው። ዘመናዊ ካርድ ሥራውን ይሠራል እንጂ አይብለጨለጭም።

[ላፕቶፑ የቅሬታ ድምፅ ያሰማል።]

ጋሽ ወዬሳ፦ ምን አለ?

ጀይሉ፦ «መሣሪያው አልተገኘም።»

ጋሽ ወዬሳ፦ አጠገቤ ነው ያለው በለው።

ጀይሉ፦ በአፍ አይነገረውም። ድራይቨር ያስፈልገዋል። ድራይቨር ማለት ካርዱንና ላፕቶፑን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ያለ እሱ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም።

ጋሽ ወዬሳ፦ ሽማግሌ ነዋ! አስታራቂ!

ጀይሉ፦ እንደዚያ ይውሰዱት።

ጋሽ ወዬሳ፦ ምን አጣላቸው?

ጀይሉ፦ አልተጣሉም፤ ገና አልተዋወቁም።

ጋሽ ወዬሳ፦ ሳይተዋወቁ ከሆነማ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው።

ጀይሉ፦ ጋሽ ወዬሳ፣ ሰዓቱ! [ቁልፎቹን ይደበድባል] ላፕቶፑ ይዞት የመጣው ድራይቨር አልሠራም። ስለዚህ ከኢንተርኔት ሌላ አወረድኩ፤ ማንኛውንም ካርድ ከማንኛውም ላፕቶፕ ጋር ያግባባል የሚባል ነው።

ጋሽ ወዬሳ፦ ለሁሉ ዘመድ የሆነ ሽማግሌ አይሆንህም። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስታርቅ የኖርኩ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ሽማግሌ ግራ ቀኙን «ልክ ነህ» ብሎ ምሳውን በልቶ ነው የሚሄደው። የካርዱ የራሱ ወገን የለም?

ጀይሉ፦ ፋብሪካው የሠራለት ድራይቨር ማለትዎ ነው? አለ። እሱን ግን የሚጭነው ጀማሪ ነው።

[ቅሬታው ይደገማል። «መሣሪያው አልተገኘም።»]

ጀይሉ፦ … ለእርስዎ ደስታ ስል እሱንም እጭነዋለሁ።

ጋሽ ወዬሳ፦ ሦስቱም አንድ ላይ ተቀምጠዋል?

ጀይሉ፦ አዎ።

ጋሽ ወዬሳ፦ አንዱ ሲናገር ሌላው ያቋርጠዋላ! ሁለቱን አመስግነህ ሸኛቸው።

ጀይሉ፦ ቴክኖሎጂ እንደ ሽምግልና አይደለም! [ቆም ብሎ፣ ሽማግሌው እንዳያዩት እየተጠነቀቀ ሁለቱን ያጠፋል] አሁን ግን… በራሴ ምክንያት… ሁለቱን አጥፍቻቸዋለሁ። ዝም አለ! ቅሬታ የለም! ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመርም ይንቀሳቀሳል፣ እየቀዳ ነው! [ሄድፎን ያጠልቅላቸዋል፤ ማይኩን አፋቸው ሥር ያቆማል] ይመርቁ!

ጋሽ ወዬሳ፦ [ጉሮሯቸውን ጠርገው] ልጄ ኤልዳና፣ የገባሽበት ቤት ይሙቅ። [ጀይሉን እያዩ ይጠብቃሉ።]

ጀይሉ፦ ይቀጥሉ እንጂ!

ጋሽ ወዬሳ፦ አሜን የሚል የለማ።

ጀይሉ፦ አሜኑ ለብቻው ይቀዳና በኋላ እንለጥፈዋለን።

ጋሽ ወዬሳ፦ አሜን ቴምብር ነው የሚለጠፈው? የመጀመሪያው አሜን ሳይባል ሁለተኛው ምርቃት ከአፌ አይወጣም። እንዲህ ነው ያደግነው።

ጀይሉ፦ እሺ፣ እኔው እላለሁ። ቀስ ብዬ።

ጋሽ ወዬሳ፦ የገባሽበት ቤት ይሙቅ።

ጀይሉ፦ [በሹክሹክታ] አሜን።

ጋሽ ወዬሳ፦ ምነው፣ የምትረግማት አስመሰልከው! ደግሞ አንተ አሜን ካልክ በኋላ፣ እዚህ ጆሮዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ቃሌን ይደግመዋል።

ጀይሉ፦ የራስዎ ድምፅ ነው፤ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። ለጊዜው ይቻሉት። ይልቅ ጥራቱን ይስሙልኝ! [የተቀዳውን ይለቃል። ከምርቃቱ ጋር የላፕቶፑ ማራገቢያ ሲያጓራ፣ ከውጭም «አስኮ! ሳንሱሲ! አስኮ!» የሚል ጥሪ ይሰማል።]

ጋሽ ወዬሳ፦ ረዳቱም ገባ እኮ።

ጀይሉ፦ ያዩታል ንቃቱን? ብርድ ልብስ አልፎ ፌርማታ ድረስ ይሰማል! በሆዱ ያለው ካርድ ቢሆን ይሄንን ይሰማ ነበር? ወላሂ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው!

[የጋሽ ወዬሳ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።]

ጋሽ ወዬሳ፦ ኤልዳና ናት። አንሣልኝ ጀይሉ፣ እጄ ተይዟል።

ጀይሉ፦ በምን?

ጋሽ ወዬሳ፦ ባስያዝከኝ ነዋ! [ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ያወጣሉ። በላብ በራሰው መዳፋቸው ውስጥ የሳውንድ ካርዱ ኬብል ጫፍ አለ፤ ላፕቶፑ ላይ መሰካት የነበረበት ጫፍ።] «እንዳይለቋት» አልከኝ፣ አልለቀቅኳትም። ክንዴ ግን ደንዝዟል።

[ጀይሉ ኬብሉን ከመዳፋቸው እስከ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑም እስከ መዳፋቸው በዓይኑ ይከተላል።]

ጀይሉ፦ ታዲያ… እስካሁን የቀዳው ማን ነው?

ጋሽ ወዬሳ፦ ያ ጆሮው ወፍራም ያልከው ይሆናላ። አይ ጀይሉ፣ ሦስት አስታራቂ ስታስቀምጥ ባለጉዳዩ እኔ እጅ ውስጥ ነበር?

[ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ጀይሉ አንሥቶ ድምፁን ለሁሉም ያሰማል።]

ኤልዳና፦ አባባ! መኪናው ሊነሣ ነው ይላሉ፤ ቀረጻው የታለ? ሳይመርቁኝ ከዚህ ቤት አልወጣም!

ጀይሉ፦ ኤልዳና፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ! ሰክቼው—

ጋሽ ወዬሳ፦ ተወው። ልጄ፣ ስልኩን እዚያ ያለው ማይክ አጠገብ አድርጊውና ሰዉን ሰብስቢልኝ። [ቀና ብለው ይቀመጣሉ] የገባሽበት ቤት ይሙቅ!

[ከስልኩ ውስጥ የአንድ ሰፈር ሰው «አሜን!» ይላል።]

ጋሽ ወዬሳ፦ ልጅ ወልደሽ ሳሚ፤ እንደኔ ለልጅ ልጅ ድረሺ!

[«አሜን!»]

ጋሽ ወዬሳ፦ ባልሽን ሲናገር የምትሰሚው፣ ስትናገሪ የሚሰማሽ ያድርገው፤ በመካከላችሁ አስታራቂ አያስፈልግ!

[«አሜን!» ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የጀይሉ ነው።]

ኤልዳና፦ [እያለቀሰች] አባባዬ፣ ድምፅዎ በስፒከሩ ጥርት ብሎ… እዚሁ አጠገቤ የቆሙ ነው የሚመስለው። ጀይሉ ነው አይደል ያስተካከለው?

[ጀይሉ አንገቱን ደፍቶ ሄድፎኑን ከጋሽ ወዬሳ ራስ ላይ ያወልቃል።]

ጋሽ ወዬሳ፦ እሱ ነው እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ የለፋው እሱ ነው። በይ ውጪ ልጄ፣ መኪናው አይጠብቅ።

[ስልኩ ይዘጋል። ጀይሉ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ያወርዳል። ብርሃን ይገባል።]

ጀይሉ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጋሽ ወዬሳ… ሰፈር ውስጥ እንዳይነገርብኝ።

ጋሽ ወዬሳ፦ ምኑ? ይልቅ እቺን ተቀበለኝ፣ እጄን ላፍታታ።

[ጀይሉ ጫፏን ተቀብሎ ላፕቶፑ ላይ ይሰካታል። በሣጥኑ ግንባር ላይ አረንጓዴ መብራት ቦግ ይላል።]

ጋሽ ወዬሳ፦ ውይ ጀይሉ! የድሮውን ነው የሸጡልህ።