የሞተችው በቅሎና ሐያስያኑ

ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዓይነት አንባቢ ይገጥመዋል። አንደኛው አያነብለትም። እሱ ምንም ችግር የለበትም፤ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ «በርታ!» ብሎ ትከሻችሁን መታ አድርጎ ያልፋል። መከራው ሁለተኛው ነው። ይህኛው አንብቦ፣ አስምሮ፣ ማስታወሻ ይዞ ሲያበቃ፣ እናንተው ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ ለእናንተው ሊያስረዳችሁ ይመጣል። ያውም በንድፈ ሐሳብ።

እኔ ፍኖተ ሰላም የአማርኛ መምህር ነኝ። በልጅነቴ አንድ ክረምት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አቅራቢያ፣ ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ደሴ ቤት ከርሜ ነበር። በዚያ ክረምት በቅሏቸውን ወንዝ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ አያ ደሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ከማየት በቀር ቃል አይወጣቸውም። ይህ ነገር ከልቤ ሳይወጣ ኖሮ፣ ካደግሁ በኋላ አራት ገጽ የማትሞላ አጭር ልቦለድ አደረግሁት። በቅሎው የሞተችበት ሰው ክረምቱን ሙሉ ዝም ይላል። አለቀ። ይህ ምን ትርጓሜ ያሻዋል?

ያሻዋል ለካ። ቡሬ ውስጥ ያሉ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች «ሥራህን በተለያዩ የሂስ መነጽሮች እንመረምረዋለን» ብለው ጠሩኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ኮቴን ለብሼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ጋር እየተሻሸሁ ሄድኩ።

መጀመሪያ አንድ ወጣት መምህር ተነሣና በሥነ ልቡናዊ ሂስ መሠረት በቅሎዋ የሰውየው እናት መሆኗን አበሰረን። የሰውየው እናት አያቴ ናቸው! ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ኖረው ይህን ቢሰሙ መምህሩ ከምርኩዛቸው የሚያመልጥ አይመስለኝም። ቀጥሎ ጢሙን ያሳደገ ጓደኛው ተነሣ። እሱ ደግሞ በማርክሳዊ ሂስ በቅሎዋን የማምረቻ መሣሪያ፣ ዝምታውን የተበዝባዡ መደብ ዝምታ አደረገው። አያ ደሴ የሚያውቁት መደብ የሚተኙበትን ብቻ ነበር። ጥርሴን ነክሼ «በጣም ጥሩ ዕይታ ነው» አልኩ። ሰው ሲተነተን ጨዋ መሆን አለበት።

በመጨረሻ መስከረም የምትባል የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅ ተማሪ እጇን አወጣች። የእሷ እንስታዊ ሂስ ነው።

«መምህር፣ የሰውየው ሚስት ለምን ስም የላትም?»

«ታሪኩ የእሷ አይደለማ!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

«እሺ፣ እሱ ክረምቱን ሙሉ ዝም ሲል እሷ ምን ትሠራ ነበር?»

ወረቀቶቼን ማገላበጥ ጀመርኩ። ደግነቱ ሰዓት አልቋል ተባለ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስናደድ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ ምስክር ፍለጋ ወደ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። አያ ደሴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ያልጋ ግን አሉ። «በቅሎዋ በቅሎ ናት» ብለው በአንደበታቸው እንዲነግሩኝና ቀድቼ ለእነዚያ ሰዎች እንዳሰማቸው ነበር ሐሳቤ። እትዬ ያልጋ ከቤታቸው ጎን ተቀምጠው ገብስ ያበጥራሉ። ልቦለዴን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላቸው። ሰፌዱን አስቀመጡና ሳቁ።

«እሱን ዝም አለ ያለህ ማን ነው? ዝም ያልሁትስ እኔ ነኝ።»

«አንቱ?»

«በቅሎዋ የእኔ ነበረች። አባቴ ሲድሩኝ የሰጡኝ ናት። ወንዙ ሞልቷል፣ ይጉደል አልሁት። ‹አንቺ ስለ ወንዝ ምን ታውቂያለሽ› ብሎ ነዳት። ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈስሁለትም። ታዲያ ከማን ጋር ያውራ? ከግድግዳው ጋር?»

እኔን «ብላ»፣ «ተኛ» ይሉኝ ስለነበር ዝም ማለታቸው አልታየኝም። አንድ ክረምት ሙሉ ከእጃቸው እየበላሁ አንድ ጊዜም ፊታቸውን ልብ ብዬ አላየሁትም ማለት ነው።

«በምን ታረቃችሁ?» አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ።

«በመስቀል ሰሞን ከበረቱ ገባሁ። ኮርቻዋን ታቅፎ ያለቅሳል። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።» ሰፌዱን አነሡት። «እራትህ ቀዝቅዟል አልሁት። በዚያው አለቀ።»

ፍኖተ ሰላም ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ለመስከረም መደወል ነበር። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንዙን፣ ኮርቻውን፣ የእትዬ ያልጋን ዝምታ። ልክ ነበርሽ፣ ለጽሑፍሽ ይሆንሻል አልኳት።

«ይቅርታ መምህር፣ አማካሪዬ ንድፈ ሐሳብ አስቀየሩኝ። አሁን የምሠራው በቅርጻዊ ሂስ ነው። ከጽሑፉ ውጭ ያለ ነገር፣ ደራሲው ራሱ ቢነግረኝም፣ አይገባም።»

«እትዬ ያልጋ እኮ በሕይወት አሉ! ዛሬ አብሬያቸው ነው የዋልኩት!»

«ይኖራሉ መምህር። ጽሑፉ ውስጥ ግን የሉም።»

ይኸውላችሁ፤ ልጅቷ አሁንም ልክ ናት። የሚያበሽቀኝም እሱ ነው።