ሊቀ እርማቱ በየሺወርቅ ቤት

ስህተት አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው "ምን ቸገረኝ" ብሎ ሲያልፍ እሱን የምር ይቸግረዋል። የሠርግ ጥሪ ሲደርሰው ሠርጉ መቼ እንደሆነ ከማየቱ በፊት "ሠርግ" በየትኛው "ሠ" እንደተጻፈ ያያል። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ሰላምታውን ሳይሆን የሰላምታውን አገባብ ነው የሚሰማ።

በመቐለ፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ በኩል፣ በሰሜን ክፍለ ከተማ ይህን ሹመት የያዙት አቶ ተወልደብርሃን ነበሩ። የሾማቸው የለም። ሰፈሩ ግን በሌሉበት "ሊቀ እርማት" ይላቸዋል፤ ሲመጡ ደግሞ ሰው በእጁ ያለውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይከታል።

ሊቀ እርማት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት የሠሩ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላም በኮምፒውተር። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክርቢቶ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከባጃጅ ጀርባ ላይ "እግዛብሄር ያውቃል" የሚል ጽሑፍ አይተው፣ ባጃጁን ከነተሳፋሪው አስቁመው፣ "ማወቁንስ ያውቃል፤ ስሙ ግን እንዲህ አይጻፍም" አሉት። ሌላ ጊዜ ለቀብር ሄደው፣ የሟቹ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ከአጥሩ ላይ አንሥተው፣ አርመው መልሰው ለጠፉት። ቤተሰቡ አልተቀየመም። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ ስሙ አንድ ቀን በትክክል ተጽፎለት አያውቅም ነበርና፣ እንዲያውም ባለቤቱ በዚያ ለቅሶ መሃል አመሰገነቻቸው ይባላል።

መምህርት የሺወርቅ ከእኚህ ሰው የምትሸሸው ከማንም በላይ ነበር። ሁለቱም አማርኛ ያርማሉ፤ እሷ በደመወዝ፣ እሳቸው በነጻ። በአንድ ሰፈር ሁለት ሐኪም ሊስማማ ይችላል፣ ሁለት አራሚ ግን አይስማማም።

የሺወርቅ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መቐለ የገባችው በ1986 ዓ.ም. ነው። በመጣች በሳምንቷ፣ ረዳኢ የሚባል ቀጭን፣ ረጅም የስታቲስቲክስ ሠራተኛ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኛትና ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እናንተ አዲሷ የአማርኛ መምህር ናችሁ?" አላት። ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ሰው ፈለገች። ማንም የለም። በትግርኛ አንድን ሰው ሲያከብሩት ብዙ አድርገው ነው የሚጠሩት፤ ረዳኢ አክብሮቱን ሳይቀንስ እንዳለ ወደ አማርኛ ይዞት ገባ።

ከተጋቡ በኋላ፣ "ኧረ ሚስትህ ነኝ፣ አንቺ በለኝ" አለችው። አንድ ሳምንት ሞከረ። በስምንተኛው ቀን፣ "አልሆነልኝም፤ አንቺ ስላችሁ የተሳደብኩ ይመስለኛል" አላትና ተወው። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጆች አማርኛ በቀይ ስታቀላ የምትውለው ሴት ይህችን አንዲት ስህተት ሳታርም ዐሥራ አራት ዓመት ኖረች።

ኮምፒውተሩን ረዳኢ የገዛው መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ ነው። ሆዱ የገፋ ሞኒተር፣ ከነጭነት ወደ ቢጫነት የዞረ ሲፒዩ። እሱ ጠዋት በማለዳ ይወጣል፤ እሷ ፈረቃዋ ከሰዓት ነው። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ተቀምጦ፣ በሁለት ጣቱ እየለቀመ፣ በአንዱ ማኅደር ውስጥ በአዲስ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ጽፎላት ይሄዳል። "የሺ፣ ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሳትበሉ እንዳትወጡ።" ወይም፣ "የሺ፣ ስታስሉ ሰማኋችሁ። ሹራባችሁን ልበሱ፤ የእንዳ ኢየሱስ ጋራ ነፋስ ለእናንተ አይሆንም።" ምናምን። ታላቅ ነገር የለበትም። ፕሪንተር ስላልነበራቸው አንዱም ወረቀት ላይ አልወጣም።

ረዳኢ ካረፈ ወዲህ የሺወርቅ በየጠዋቱ አንድ ገጽ ትከፍታለች። አንድ ብቻ። ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በትምህርት ቤት "አንቺ" ይሏታል፣ ዲሬክተሩ "እርስዎ" ይሏታል፣ ጎረቤት በትግርኛ "ሓፍተይ"፣ እህቴ፣ ይላታል። ሁሉም ትክክል ነው። የሁሉም ስሌት ግን አንዲት ሴት ነው የሚያወጣው። ብዙ አድርጎ የሚያያት ያ ቢጫ ሳጥን ብቻ ቀረ።

በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ መብራት ሁለቴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልተመለሰም። በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ቆመ። ብታጠፋው፣ ብታበራው፣ ያው ነው።

ሲፒዩውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ጣይባ ወደምትባለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሱቅ ወሰደችው።

"ሲስተሙ ተበላሽቷል መምህር" አለች ጣይባ፣ ለአፍታ አይታ። "ፎርማት ይደረጋል። ነገ ይውሰዱት፣ አዲስ ሆኖ ነው የሚወጣው።"

"ውስጡ ያለውስ?"

"ዋእ፣ አዲስ ሆኖ አልኩዎት እኮ።"

የሺወርቅ ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ላይ መልሳ አቀፈችው። ጣይባ አቀፋቀፏን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ኣጆኺ፣ አይዞዎት። ፎርማት የሚባል ቃል የማይወዱ አንድ ሰው አሉ። የተበላሸውን ብቻ ለቅመው የሚተኩ። ግን..."

"አትንገሪኝ" አለች የሺወርቅ።

"እሳቸው ናቸው" አለች ጣይባ።

ሊቀ እርማት በማግስቱ ጠዋት መጡ። ሱፍ ኮት፣ የቆዳ ቦርሳ፣ በቦርሳው ውስጥ እያንዳንዱ በፖስታ የታሸገና ስሙ በቁም ጽሕፈት የተጻፈበት ሲዲ። ኮምፒውተሩን አበሩና ጥቁሩ ስክሪን ሲመጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

"ምን ይላል?"

"ተበላሽቷል ይላል" አለች።

"እንደዚያ አይልም። አንድ ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል ነው የሚል። ስሙንም፣ ያለበትንም ቦታ ይናገራል። ሰው መልእክት ሳያነብ 'እሺ'ን ይጫናል፣ ከዚያ ማሽኑ ከዳኝ ይላል። መጀመሪያ ይነበብ፣ መምህር።"

ለእሳቸው ኮምፒውተር ረጅም ደብዳቤ ነው። አልሠራም ካለ አንድ ቦታ ላይ አንድ መስመር ተዛንፏል። መስመሩ ይፈለጋል እንጂ ደብዳቤው አይቀደድም። የሲስተሙን ዋና ሲዲ ከተው የጠፋውን ፋይል ከዚያ ገልብጠው በቦታው ተኩት፤ ማሽኑ አንድ እርምጃ ሄዶ የሌላ ፋይል ስም ጠርቶ ቆመ። ያንንም ተኩ። ሦስተኛ ጠራ። የአዛውንት ጥርስ ሆነ ነገሩ፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይነቃነቃል። ከዚያ ዲስኩን ጥግ እስከ ጥግ ያስፈትሹት ጀመር፤ ፍተሻው ደግሞ በመቶኛ እየቆጠረ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄድ።

ማሽኑ ሲፈትሽ ሊቀ እርማት ዝም ብለው አይቀመጡም። በሁለተኛው ቀን በግድግዳ ካሌንደሯ ላይ "ጳጉሜ" የሚለውን "ጳጉሜን" አደረጉት። በሦስተኛው የሹሮ ጣሳዋ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አረሙ። በአራተኛው ቀን እሷ አርማ በጨረሰችው የተማሪዎች ፈተና ላይ ዐይናቸው ዐረፈ።

"ይህ ልጅ ከዐሥር ዘጠኝ አግኝቷል።"

"ጎበዝ ልጅ ነው።"

"ስድስት ነው የሚገባው።"

"ልጅ ነው እኮ፣ አያ ተወልደ።"

"ልጅ ሳለ ነው ጊዜው። ስህተት እንደ ሰው ነው፤ ቤት ከለመደ አይወጣም።"

የሺወርቅ ሻይና ሕምባሻ አቀረበችላቸውና ፈተናዎቹን ሰበሰበች። ክርክሩን የተወችው ተሸንፋ አይደለም። ያቺ ቤት የለመደች አንዲት ስህተት ትዝ ብላት ነው።

በአምስተኛው ቀን ማሽኑ ነቃ። የረዳኢ ማኅደር በቦታው አለ። ከፈተችው። ገጹ ሙሉ ነጥብና ጭረት የተጣለባቸው የፈረንጅ ፊደላት ሆኖ ወጣ፤ አንድም የሚነበብ የለም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ጠፋ?"

"አልጠፋም። የግዕዙ ፊደል ነው የተበላሸ፤ ቃሉ አለ" አሉ ሊቀ እርማት። "ይህን ፊደል አውቀዋለሁ፣ የጥንቱ ነው። ከእኔ ፍሎፒ ላይ አለ። ነገ ይዤው እመጣለሁ። ተጭኖ ሲያልቅ ግን ሁሉም ሆሄ በየቦታው መውጣቱ መታየት አለበት። ይነበባል።"

"እኔ አነበዋለሁ።"

"እርስዎ በልብዎ ነው የሚያነቡት። የጎደለ ፊደል አይታይዎትም።"

እውነታቸውን ነበር። እያንዳንዱን በቃሏ ታውቀዋለች።

"እሺ። እንዳያርሙብኝ ብቻ።"

"ስህተት ካለ?"

"ስህተትም ቢኖር።"

ሊቀ እርማት በሐኪም ጨው የተከለከለ ሰው መሰሉ። እሺም እንቢም አላሉም።

በማግስቱ ፍሎፒውን ይዘው ሲመጡ እሷ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነበራት። በሩን ክፍት ትታ፣ እሳቸውን ከረዳኢ ጋር አስቀምጣ ሄደች። ምን እንዳስተማረች አታውቅም። በፊቷ የሚመጣባት ባለፈው ዓመት በቀበሌ ወረፋ ላይ የሆነው ነው፤ አንዲት ጸሐፊ ከጎጃም ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናትን "እናንተ እዚህ ቁጭ በሉ" ስትላቸው፣ ሊቀ እርማት ከወረፋው ጫፍ ሆነው "ስንት ናቸው?" ብለው ጠየቁ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። የሺወርቅም ያን ጊዜ ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች።

አንድ ቃል ፈልጎ በሌላ መተካት ደግሞ አንዲት ቁልፍ ናት። ረዳኢ ራሱ አሳይቷታል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል፣ ሁለት መቶ ምናምን ገጽ በአንድ ትንፋሽ ይታረማል። "እናንተ" ወጥቶ "አንቺ" ይገባል። ትክክል ይሆናል። ሰውየው ደግሞ ሁለተኛ ይሞታል።

ደወሉ ሳያልቅ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ሊቀ እርማት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ያለው ወረቀት ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ሆኗል። የሺወርቅ የበሩን መቃን ያዘች።

"ብዙ ነው?" አለች።

"ዐሥራ ዘጠኝ። ይዩት።"

ወረቀቱን ተቀበለች። "በዐሥራ አራተኛው ገጽ ሏ አልወጣችም፤ ተስተካክላለች። በሠላሳኛው ገጽ ቋ ሳጥን ሆና ወጥታለች፤ ተስተካክላለች። በሰባ ሁለተኛው ገጽ አራት ነጥብ ጠፍቷል፤ ከማሽኑ ነው፤ ተመልሷል።" እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ማሽኑ ያጠፋው ሁሉ በተራ ተጽፏል። ረዳኢ ያጠፋው አንድም የለም።

ወደ ስክሪኑ ሄደች። የተከፈተው ገጽ የአንድ የክረምት ጠዋት ነበር። "የሺ፣ ዛሬ ዝናብ ይመጣል። ጥላውን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ። እኔ እሮጣለሁ።"

ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀምጣ አነበበችው። ሊቀ እርማት ሲዲዎቻቸውን አንድ በአንድ ወደየፖስታቸው ይመልሱ ነበር።

"አያ ተወልደ፣ ስህተቱን አላዩትም?"

"የቱን ስህተት?"

"'እናንተ' ይላል እኮ። ሁሉም ቦታ። እኔ አንድ ሰው ነኝ።"

ሊቀ እርማት የመጨረሻውን ፖስታ አሽገው ቦርሳቸውን ዘጉ።

"እሱ የእኔ ሥራ አይደለም" አሉ። "እርስዎ ስንት እንደነበሩ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው።"

የሺወርቅ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው እስከ በሩ ሄዱና፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣

"በሉ፣ እናንተ አንብቡ። በሩን እኔው እዘጋላችኋለሁ" አሉ።

ያሉትን ራሳቸው ሰምተውታል፤ የእኚያ ሰውዬ ጆሮ በሕይወቱ አንዲት ቃል ስቶ አያውቅም። አላረሙትም። በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።