ከዕርቅ የቀደመ ሩዝ

ሰው ለመጣላት ብዙ መላ አያስፈልገውም፤ አፍ ካለው ይበቃዋል። ሥርዓት የሚፈልገው መታረቅ ነው። ማን ቀድሞ ይናገር፣ ማን ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ምግቡ መቼ ይቅረብ፤ ይህን የማያውቅ አስታራቂ ከመጀመሪያው የባሰ ጠብ ደግሶ ይነሣል። እናንተም በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለውን አታጡም። የእኛው ግን የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር፤ ያውም ማኅተም ያለው።

እኔ ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈራችን እድር ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ በእኔ እጅ ነው። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ማን በሠርግ እንደተኮራረፈ፣ ማን ለቅሶ ቤት እንደሳቀ ሁሉን ያያል። ደርግ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቀበሌው ለስብሰባውም ለበዓሉም የእኛን ዕቃ ይወስድ ስለነበር፣ ድስታችን ከብዙዎቻችን ይበልጥ አብዮተኛ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከውሃ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በጀልዴሳ በኩል ከብት አርቢ ሶማሌዎች አያቶቻቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ ነበራቸው። የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ሸሹ፤ ከጥይት ጋር ማን ይከራከራል? ሲመለሱ ጉድጓዱ በእሾህ ሽቦ ታጥሮ፣ ሞተር ተገጥሞለት፣ የቀበሌያችን አትክልት ቦታ ሆኖ ጠበቃቸው። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ "ይህ የሕዝብ ሀብት ነው" አላቸው። እነሱ ምን እንደሆኑ ግን አልነገራቸውም።

ሽማግሌያቸው አዴር ሮብሌ ይባላሉ። አዴር ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው እንጠራቸዋለን። ሚስታቸው አርዶ ለሰፈራችን ወተት ስታመላልስ የኖረች ሴት ናት፤ ልጆቻችን በእሷ ወተት አደጉ ብል ማጋነን አይሆንም። ጉድጓዱ ከታጠረ በኋላ ውሃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ግድ ሆነባት። አንድ ቀን ሄዳ ሳትመለስ ቀረች። ግራር ሥር ጀሪካኗን ተንተርሳ አገኟት፤ ነፍሷ ወጥታለች፤ ጀሪካኑም ባዶ ነው። እኛ ያን ሰሞን ቲማቲም ረክሶልን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወተቱ ቀረ። ከላይም መመሪያ ወረደ፤ ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ጋር ዕርቅ ይደረግ የሚል። ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግሩ መመሪያ ሲደርሰው ማሰብ ያቆማል። አዳራሹ በመፈክር ተንቆጠቆጠ። ፍየሉን ሙስሊም እንዲያርደው፣ ሩዙም በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድስት እንዲሠራ ተደረገ፤ ይህችን እንኳ አስበውባታል። ሽማግሎቹም በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። የተበደለ ሰው ወደ በዳዩ ደጅ ለዕርቅ ተጭኖ ሲመጣ ያን ቀን አየሁ።

የእድራችን የወጥ ቤት አዛዥ እማማ አስካለ ገና ሳህን ማዞር ሳልጀምር ወደ ሊቀመንበሩ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ምግቡን አቆየው። እነዚህ ሰዎች ነገር ሳያልቅ አይቀምሱም" አሉት።

"ጓድ እማማ፣ እሱ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው" አላቸው።

እማማ የሚያውቁት እውነት ነው። በእነሱ ወግ አብሮ መብላት የዕርቁ መደምደሚያ ነው። ከበዳዩ ቤት ውሃ እንኳ የቀመሰ ይቅር ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ነገር የለም። እንግዲህ ምግቡን ማስቀደም ማለት አፍህን ሙላና ዝም በል ማለት ነው።

ሳህኑን አዞርኩ። ሽማግሎቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በዚያ የድሬ ሙቀት ውሃ እንኳ አልነኩም። ሊቀመንበሩ ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስለ ጉድጓዱ አላነሣም፤ አርዶንማ ጭራሽ። ሲጨርስ አዴር ሮብሌ ተነሡ።

"ሩዝ አልጠየቅንም" አሉ። "ውሃው የማን ነው? እሱን ንገሩን።"

መልሱን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ሊቀመንበሩ "የሕዝብ ነው" አለ። አዴር ሮብሌ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ በእግራቸው። ሩዙን ካድሬዎቹና አብዮት ጠባቂዎቹ ተረባረቡበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ዕርቁ በደመቀ ሁኔታ መፈጸሙ፣ ግብዣውም ተበልቶ ማለቁ ተነገረን። የኋለኛው እውነት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እማማ አስካለ ግን ከወጋነው ወገን ሆነው መርሳት አቃታቸው። አንድ ጠዋት ዕቃ ቤት መጥተው፣ "የአርዶን ለቅሶ አልደረስንም እኮ" አሉኝ። ይህን ለእድር ሰው መንገር ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። አንገቴን ደፋሁ።

"ምን ልያዝ?" አልኳቸው።

"ምንም። ደግሞ ድስት ይዘህ ልትሄድ ነው?"

ጥቂት ጎረቤታሞች ሆነን ለቀበሌው ሳንናገር ሄድን። አዴር ሮብሌ ደጃቸው ተቀምጠው አገኘናቸው። እማማ ምንጣፉን ትተው አሸዋው ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

"ውሃው የእናንተ ነው" አሉ። "ያጠርነው እኛ ነን። አርዶን የገደላት ጥም ነው፤ እኔም በዚያ ውሃ የበቀለውን ቲማቲም በልቻለሁ። ይቅር በሉን።"

አዴር ሮብሌ እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ምራታቸውን ጠሩ። እሷም በጣሳ ውሃ ይዛ መጣች፤ ከዚያው ከሩቁ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ውሃ ነው። "ጠጡ" አሉን። እንቢ ብንል ዕርቁን እንቢ ማለታችን ነው፤ ብንጠጣ ደግሞ የማንን ጉሮሮ እንደምንሻማ እናውቃለን። ጣሳው ዞረ፤ ሁላችንም ጠጣን። ሞቅ ያለ፣ ጀሪካን ጀሪካን የሚል ውሃ ነበር።

ታረቅን። ጉድጓዱ ግን አልተከፈተም፤ እማማ ሁለት ጊዜ ለቀበሌው አመለከቱ፣ ሁለት ጊዜ ተቆጧቸው። ሞተሩ መሳቡን ቀጥሎ ቀጥሎ አንድ በጋ ጭቃ መትፋት ጀመረ፤ ከዚያ እሱንም አቆመ። አጥሩ የተነሣው ያኔ ነው። አዴር ሮብሌ መጥተው ድንጋይ ወረወሩበት፤ ከታች ደረቅ ድምፅ መጣ። ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ቀበሌው ግን ጉድጓዱ ለነባር ባለቤቶቹ ተመለሰ ብሎ ድግስ አወጀ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። ትልቁን ድስት የሚወስድ አብዮት ጠባቂ መጣብኝ። "ተሰንጥቋል" አልኩት። ወደ ታችኛው ሰፈር እድር ሄደ፤ የእነሱም ተሰንጥቋል። ሐረሪዎቹ አፎቻ ዘንድ ሄደ፤ አፎቻ ያው የእነሱ እድር ነው፤ እዚያም ተሰንጥቋል ተባለ። በዚያ ሳምንት ድሬዳዋ ውስጥ ደህና ድስት ጠፋ፤ ድግሱም ቀረ።

የእኛው ድስት አሁንም አለ። ጭረት እንኳ የለውም።