ሊቀ ሽቦ ሃርላንና የዴልመር የውሃ ማሞቂያ

ሃርላን ትቬይት በሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜው ብዙ ነገር እርግፍ አድርጎ ትቷል፤ ትምባሆውን፣ ሁለተኛ ሚስቱን፣ የሰሜን ዳኮታን በረዶ። አንድ ነገር ብቻ አልተወም፤ በዚህ ምድር የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ የሚበላሸው በመሬት ሽቦው ነው የሚለውን እምነቱን። የመሬት ሽቦ የሚለው ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበትን፣ በብሎን ከቤቱ ብረት ጋር የሚታሰረውን ተራ ሽቦ ነው።

ቤቱን በመኪና እየጎተተ የሚኖር ሕዝብ ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። የብርዱን ወራት ኳርትዝሳይት በሚባለው በረሃ ጠጠር ላይ ሰፍረን ለምናሳልፈው ጡረተኞች የደረሰን ሃርላን ነው። ማንም አይጠራውም፤ ይመጣል። የውሃ ማሞቂያህ እምቢ ባለ በአምስተኛው ደቂቃ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ ደጅህ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። ስለዚህም ሊቀ ሽቦ የሚል ማዕረግ ሰጥተነዋል፤ ማዕረጉን እንደ ቀልድ አልተቀበለውም።

የወይዘሮ ኦፓል የጆሮ መስሚያ ድምፅ ባጣ ጊዜ እንኳ፣ ሊቀ ሽቦ ከሩቅ አይቶ፣ «የመሬት ሽቦው ነው» አለ። ወይዘሮዋ አልሰሙትም።

ለእውነት ለመመስከር ያህል፣ ከአሥሩ ብልሽት በስምንቱ ትክክል ነበር። የጠፋውን ኤሌክትሪክ እንደ ሌባ ዱካ እየተከተለ፣ ከማብሪያው ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ ወደ ሙቀት መቆጣጠሪያው በቴስተሩ እየነካ ይሄድና፣ በመጨረሻ የዛገ ብሎን ፈትቶ፣ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ያስራል። ማሞቂያው እፍ ብሎ ይነሣል። እሱም ምስጋና ሳይጠብቅ፣ ግን ምስጋናው እስኪነገር ቆሞ፣ ይሄዳል።

በዚህ እምነት ላይ የተነሣ መናፍቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጎረቤቱ ዴልመር ክሩግ። ዴልመር ከሳስካችዋን የመጣ ስንዴ አምራች ነበር፤ ማለዳ ፀሐይ ብቅ ስትል ገላውን ካልታጠበ ሰው የሆነ አይመስለውም። ማሞቂያው ግን ሦስት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ብልጭታ ይሰጥና እሳት አልይዝ ብሎ ይቆለፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማለዳችን የተከፈተው በሁለቱ በዚህ ክርክር ነው።

«የመሬት ሽቦህ ዝጓል፣ አንተ ግትር።»

«ቦርዱ ነው። ብልጭታውንና ጋዙን የሚያዘው ቦርድ ነው የተበላሸው። ስንቴ ልንገርህ?»

«ክፈተውና ልይልህ።»

«ለአንተ የእጅ ባትሪ የምይዘው ያበድኩ ዕለት ነው።»

በሰፈራችን ሕግ አለ፤ የሰው ሽቦ ባለቤቱ በገዛ እጁ መብራት ካልያዘ አይነካም። ዴልመር መብራት አልያዘም። ሃርላን ሊከፍት አልቻለም። ዴልመርም ማሞቂያውን በእርግጫ እያስነሣ፣ እምቢ ሲለውም በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ።

በጥር መጀመሪያ ዴልመር ልቡን ታመመ። ሃርላን ሆስፒታል ሄዶ ጠይቆት ሲመለስ፣ «ምን አለህ?» አልሁት።

«የቤቴን ባትሪዎች አውጥተህ ቻርጅ አድርግልኝ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ቦርዱ ነው አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ዴልመር በማግስቱ ዐረፈ።

ባትሪዎቹ ሃርላን ዘንድ ነበሩ። የጋዙ ሲሊንደር ተዘግቷል። በቤቱ ውስጥ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ ስትል፣ ከባዶው ቤት ጎን በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

እኔ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ አለ፤ ፀሐይ ስትነካው ቦርዱን ትቀሰቅሰዋለች ብዬ አሰብሁ። ምክንያቱን ማግኘቴ ደስ አሰኘኝ። መሰላል ይዤ ወጥቼ ሰሌዳውን በወፍራም ሸራ ሸፈንሁ፤ ዳርዳሩንም በድንጋይ ተጫንሁት።

በማግስቱ ነፋስ አልነበረም። የበረሃ ቀበሮዎቹ ኮዮቴዎች እንኳ ዝም ብለዋል። ሸራው እንደ ነበረ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ሃርላን ወንበሩን አውጥቶ ወደ ዴልመር ቤት አዙሮ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱን ሳያነሣ፣ ለጎረቤቱ ሁልጊዜ እንደሚናገረው፣ «የመሬት ሽቦው ነው» አለ።

ባዶው ቤት ጥቂት ቆየና ሦስት ጊዜ መለሰለት።

ዓርብ የዴልመር ልጅ ሮንዳ መጣች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሃርላንን አጎቴ ነው የምትለው።

«አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርህ። ማሞቂያው ከተሠራ ቤቱን አስቀርቼው በየዓመቱ እመጣለሁ። ካልተሠራ ነገ ብረት ገዢው ይጎትተዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ የነበረው አባቴ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ደግሞ ያንኳኳል አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«አባትሽ ነው። ክርክር አልጨረስንም» አለና የእጅ ባትሪውን ሰጣት። «አሁን ባለቤቱ አንቺ ነሽ። ያዢ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ክዳኑ ለሃርላን ተከፈተ። ሃርላን ተንበረከከ። የመሬት ሽቦው አዲስ ነበር። መዳቡ ያበራል፣ ብሎኑ ተፈግፍጎ ጠርቷል፤ በሽቦው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ደግሞ በዴልመር የእጅ ጽሑፍ የአምናው የካቲት ተጽፎበታል።

ሮንዳ መብራቱን አስጠግታ አነበበችው። «አጎቴ፣ አንተ ያልከውን አድርጎ ነበር እኮ። ደብቆህ። ታዲያ አልሠራም። ስለዚህ ቦርዱ ነዋ።»

ሃርላን ባትሪዎቹን ቦታቸው መልሶ ለካ። ወደ ቦርዱ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት ይገባል፤ ከቦርዱ ወደ ጋዙ መክፈቻ ምንም አይወጣም። ሁለት ጊዜ ለካ። ሦስተኛም ለካ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራግፎ ወደ ቤቱ ገባና አዲስ ቦርድ ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። ካርቶኑ ላይ የአንድ ሁለት ዓመት አቧራ ነበር። አልጠየቅነውም።

ማሞቂያው በመጀመሪያው ጠቅታ ሰማያዊ ነበልባል ይዞ አገሣ። ሮንዳ ውሃው እስኪሞቅ ጠብቃ እጆቿን ከቧንቧው ሥር ይዛ ረጅም ጊዜ ቆየች። ብረት ገዢው እንዲቀር ደወለች።

ቅዳሜ ማለዳ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሃርላን ወንበሩን እንደ ልማዱ አዙሮ ተቀምጧል፤ የተፈታው ቦርድ በባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ከእግሩ ሥር አለ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ አለች። ጠበቅን። ጎን ለጎን ያሉት ቤቶች ሁሉ መጋረጃቸውን ገልጠው የሚጠብቁ መሰለኝ። ምንም ድምፅ አልመጣም፤ ያ ዝምታ ከማንኳኳቱ ይልቅ አስፈራኝ። የሽማግሌው አንገት ወደ ባዶው ግድግዳ እንደ ተሰገገ ቀረ፤ ይህን ነዝናዛ ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሃርላን፣ ከእኔ በቀር የሚሰማህ የለም» አልሁት። «አንድ ጊዜ ብቻ ቦርዱ ነበር በለውና ይረፍ።»

«እንዲያርፍ ማን ፈለገ? የመሬት ሽቦው ነው። ቦርዱን የቀየርኩት ልጅቷ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳትታጠብ ብዬ እንጂ አምኜ አይደለም። ዴልመር አልስማማም ካለ እንደ ለመደው ሦስቴ ያንኳኳ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ነኝ።»